የተበሱ ጋሎኖች

አባቴን ቀብረን በተመለስን ማግስት አጎቴ ሳሎናችን መሃል ተቀምጦ ሰዉን አሳቀ።

«ደግ ሰው ነበር» አለ፣ ነጭ መሀረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ። «ደግነቱንስ ማን ይክዳል? ግን የዘይት ነገር ሲነሳ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ባዶ ጋሎን እንኳ ለሰው አይሰጥም ነበር እኮ! ዘይቱን ሞተሩ ውስጥ ይገለብጥና ጋሎኑን በሚስማር በሳስቶ ይጥለዋል። ለምን? ጎረቤት ውሃ እንዳይቀዳበት! ጋሼ ሚስማር ነበር የምንለው።»

ሰዉ ሳቀ። ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ለመሳቅ ሰበብ ነው የሚፈልገው፤ አልፈርድበትም። ከአባቴ ጋር ታክሲ ተራ ያረጁት ሹፌሮች ሳይቀሩ ሳቁ። አንደኛው «ሚስማሬ!» አለና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። እኔ ሻይ የደረደርኩበትን ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እናቴ ጥጉ ላይ ጥቁሯን ለብሳ ወለሉን ታያለች። የገዛ ወንድሟ ነው የሚያወራው።

ያንን ቀልድ ከማንም በፊት አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አምኜበት ኖሬያለሁ። አጎቴ ለቀስተኛውን ከማሳቁ ከብዙ ዓመት በፊት አባቴን ቆንቋና ብዬ የተሳደብኩት እኔ ነኝ፤ ለምን እንዳልኩ ደግሞ ልናገር።

ያደግኩበት ግቢ ጠባብ ነበር። አባቴ አሮጌዋን ሰማያዊ ታክሲ ሲያስገባ እናቴ ከኋላ ትቆምና «ና፣ ና፣ ና... በቃ! ግድግዳዬን!» ትላለች። ግድግዳው ላይ ከዚያ በፊት የነበሩ «በቃዎች» በሙሉ በሰማያዊ ቀለም ተጽፈው ነበር።

ዘይት የሚቀየረው ታክሲዋ ሥራ በማትወጣበት ቀን ነው። አባቴ መጀመሪያ ሰፈሩን አንዴ ዞሮ ይመለሳል፤ ዘይት ሲሞቅ ነው ቆሻሻውን ይዞ የሚወርደው ይላል። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ሁለት ወፋፍራም ሳንቃዎች ላይ ያወጣል፣ ከኋላ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ ይሸጉጣል፣ መኪናዋን በትከሻው ገፋ ገፋ አድርጎ ይሞክራታል። ክሪክ አያምንም። «ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው፤ ከስሩ ለሚተኛ ሰው አይደለም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ይንሸራተትና ከዚያ በኋላ ከአባቴ የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው፤ አውራ ጣቱ ጋ የተቀደደው ካልሲው።

«ሳፋውን!» ይላል ድምፁ።

እናቴ ልብስ ከማጠብ ጡረታ የወጣውን አሮጌ ሳፋ በእግሯ ትገፋለታለች። መፍቻው ብረት ላይ ይንቋቋል፣ አባቴ ያቃስታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ያቺን ዝምታ እወዳታለሁ። «መጣች!» ሲል ዘይቱ እንደ ጥቁር ገመድ ተዘርግቶ ሳፋው ላይ ይጠቀለላል። የሚሸት ነገር አለው፤ የተቃጠለ፣ ትኩስ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። ያ ሽታ እናቴ ስንቴ ብታጥበው ከሳፋው አልወጣም።

ቀጥሎ ፊልትሮው፣ የዘይቱ ማጣሪያ ነው። እምቢ ሲለው በአሸዋ ወረቀት ጠቅልሎ ያንቀዋል። አዲሱን ከመግጠሙ በፊት የጎማ ቀለበቱን በአንድ ጣት ዘይት ይቀባዋል፤ ለሕፃን ከንፈር ቅባት የሚቀባ ነው የሚመስለው። ከስሩ ይወጣል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የአዲሱን ዘይት ጋሎን ክዳን ያሸታል፣ ትንሽ ጣቱ ላይ ጠብ አድርጎ በአውራ ጣቱ ያሽና ፀሐይ ላይ ያየዋል። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ነው የሚሞላው። መለኪያውን ዘንግ እያወጣ በሱሪው ይጠርጋል፤ እናቴ «ሱሪው!» ትላለች፤ እሱ እንዳልሰማ ይሆናል።

አሮጌውን ዘይት ማንም እንዲወስድለት አይፈቅድም። ራሱ ተሸክሞ ጎረቤታችን ወደሆነው እንጨት ሠሪ ይሄድና ሰውየው የአጥር ቋሚዎቹን በዘይቱ ሲቀባ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ቆሞ ያያል። የሰፈሩ ሰው «የራሱን ቆሻሻ የሚጠብቅ ሰው አየን» ይል ነበር።

የመጨረሻው ነገር ሚስማሩ ነው።

ከተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት እጀታ ያበጀለት ወፍራም ሚስማር ነበረው። ባዶውን ጋሎን በጉልበቶቹ መሃል ይይዝና ታቹን፣ ሆዱን፣ ከመያዣው ስር ያለውን ቦታ ይወጋዋል። ጧ! ጧ! ጧ! በየቀዳዳው ጋሎኑ ትንፋሽ ያወጣል። እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ። ምን አድርጎት ነው? አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ክዳኑ ይገጥማል፤ ሰው ለምን ደህና ዕቃ ይገድላል?

ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ለመነችው። «ጋሼ፣ ምናለ አንዷን ቢሰጡኝ? ለውሃዬ።»

«ባልዲ ልግዛልሽ።»

«ኧረ ባልዲ አላልኩም፣ ይቺን ባዶዋን...»

«ባልዲ እገዛልሻለሁ አልኩሽ። ጋሎን ግን የለም።»

ገዛላት። ክዳን ያለው፣ ጥሩ ባልዲ። እሷም በዚያው ባልዲ ውሃ እየቀዳች ቧንቧው ጋ ለተሰለፈው ሁሉ አባቴ ስስታም መሆኑን አወራች። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚያበሳጨኝ አንዱ ይሄ ነው። ባዶ ጋሎን ላለመስጠት አዲስ ባልዲ የሚገዛ ምን ዓይነት ስስታም ነው? ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል «ይሄ ነገር አይገጥምም እኮ» ያለ አንድ እንኳ አልነበረም። ስም ለማውጣት ግን ሁሉም ፈጣን ነው።

አባቴ ታክሲ ተራም ይህንኑ ያደርግ ነበር። «ጋሎናችሁን ብሱ» ይላቸዋል ሹፌሮቹን። «ለምን?» ሲሉት «ብሱ ብያችኋለሁ፤ ብሱ» ነው መልሱ። በዓይኑ ያየውን እንጂ የጠረጠረውን አይናገርም ነበር። ሚስማር ያሉት እነሱ ናቸው።

ከታክሲዋ በፊት ሚኒባስ ነበረን። የማስታውሰው የመጨረሻ ቀኗን ነው። በገመድ ተጎትታ ስትመጣ አባቴ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ሞተሩ የማይሠራ መኪና ውስጥ መሪ የሚያዞር ሰው እንዴት ያሳዝናል! ሞተሯ መንገድ ላይ ሳለች ተጣብቆ መዞር አቁሟል። የጋራዡ ሰው ከፍቶ አየና «ዘይት አልተቀየረላትም» አለ። አባቴ «ቀይሬያለሁ» አለ። «በሰዓቱ ነው የቀየርኩት። ዘይቱ ነው።» ዘይቱ የተገዛው ከአጎቴ ሱቅ ነበር፤ በዘመድ ዋጋ።

አጎቴ ያን ቀን ግቢያችን መሃል ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ «ጋሼ፣ ቁጠባ ጥሩ ነው፤ ሞተር ላይ ግን አይቆጠብም» ሲል ሰማሁት። ሰፈሩ በሙሉ ሰማው። አባቴ «አንተም ተሸውደህ ነው» አለው። «የሚያመጣልህ ሰው አታሎህ ነው፤ አሮጌ ነው የሸጠልህ።» አጎቴ እጁን ዘረጋና «ምን ይደረግ፣ ዘመኑ ነው» አለ።

ሚኒባሷ በብረት ዋጋ ተሸጠች። አባቴ በሰማያዊዋ አሮጊት ጀመረ፤ ዘይቱንም ከሌላ ሱቅ፣ ከሩቅ መግዛትና በራሱ እጅ መቀየር ያዘ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ለቁጠባ ነው፣ የጋራዥ ዋጋ አይቻልም» ትላለች። እውነትም አይቻልም ነበር። ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት ነገሩ ግልጽ ነበር። አባቴ ቆጥቦ ሞተር የገደለ፣ ከዚያም የባሰበት ሰው ነው። አጎቴ ደግሞ ሽቶ የሚሸት፣ ኪሱ ከረሜላ የማይጠፋው፣ አያቴን ቤቱ አስቀምጦ የሚጦር ደግ ሰው ነው።

ትምህርት ቤታችን ችግኝ የተከለው በስምንት ዓመቴ ነው። የአትክልት ክበብ አስተማሪያችን እጇን እያጨበጨበች «ነገ እያንዳንዳችሁ ጋሎን ይዛችሁ ትመጣላችሁ! ጋሎን የሌለው ችግኝ የለውም!» አለች። ክፍሉ ወደ እኔ ዞረ። የሹፌር ልጅ ነኛ፤ ጋሎን ከእኔ በላይ ማን አለው?

ከጓሮ ቀዳዳው አነስ ያለውን መረጥኩና ታቹን ማስቲካ አኝኬ ደፈንኩት። ከቧንቧው እስከ ችግኙ ሜዳውን ማቋረጥ አለብን። ግማሽ መንገድ ላይ ማስቲካው ለቀቀ። ውሃው ቀሚሴን፣ ካልሲዬን፣ ጫማዬን ወረደበት። ጋሎኑን ባቀፍኩት ቁጥር በሌላ በኩል ይተፋል።

«ኧረ የሚስማር ልጅ ሸናች!» አለ አንዱ።

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አስተማሪዋ ራሷ አፏን በደብተር ከለለች። የእኔ ችግኝ ያን ቀን ውሃ ሳይደርሳት ቀረ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ አጎቴ ሱቅ ሄደ። ገና ከበሩ ሲያየኝ «የእኔ እመቤት! ማነው ያስለቀሰሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ አሁኑኑ አሳስረዋለሁ!» አለ። ነገርኩት። ደንበኛው ፊት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አይ ጋሼ! አይ ጋሼ ሚስማር! ገንዘብም ቢሆን እኮ ይበሳዋል! ሂጂ ወደ ጓሮ፣ እሱ ብሎኛል በያቸውና ያማረሽን ምረጪ።»

ወደ ጓሮ ገብቼ አላውቅም ነበር። ያየሁትን ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን እቆጥረዋለሁ። ሱሪያቸውን የጠቀለሉ ሁለት ሰዎች የሳሙና ውሃ ውስጥ ጋሎን ያጥባሉ። የታጠቡት አንገታቸውን ደፍተው አጣና ላይ ተሰክተው ይንጠባጠባሉ። ጥጉ ላይ ትልቅ በርሜል አለ፤ አፉ ላይ ጨርቅ ተወጥሮ የእንጨት ፍቅፋቂ ፈስሶበታል። አንድ ሰው ከላይ ጥቁር ነገር ያፈሳል፤ ከታች በቧንቧ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሌላው በብሩሽ ማጣበቂያ እየቀባ ቀይ ወረቀት ይለጥፋል። አንዱ ደግሞ በጋለ ብረት የክዳኑን ቀለበት እየተጫነ ያሽጋል።

ቆሜ ተገረምኩ። እንዴት ያለ ንጽህና! አጎቴ ከሰው የተጣለውን ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አዲስ ልብስ አልብሶ ያስቀምጣል። አባቴ ይበሳል።

«የማን ነሽ አንቺ?» አለኝ ወረቀት የሚለጥፈው።

«የእህቱ ልጅ።»

«የሚስማር ልጅ!» ብሎ ለሌሎቹ ጮኸ። «አባትሽ እኮ ነው ጋሎን ያስወደደብን! ሹፌሩን ሁሉ በሽታውን አጋባበት።» ሳቁ። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ስለ አባቴ አፈርኩ። ሰውየው ወረቀቱ ገና ያልደረቀ፣ የሚያበራ ቀይ ጋሎን ሰጠኝ። ባዶ ነበር፤ ቀዳዳ አልነበረውም። አቅፌው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጁን በዱቄት ሳሙናና በአሸዋ ያሻል። ቀዩን ጋሎን ፊቱ አስቀመጥኩለት፤ በኩራት አይደለም፣ በንዴት ነው።

«አጎቴ ሰጠኝ!» አልኩ። «አጎቴ አይበሳም! አጎቴ ጋ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፣ ወረቀት ይለጥፉለታል፣ ክዳኑን በጋለ ብረት ያሽጉታል! በርሜልም አላቸው፣ በጨርቅ ያጠልሉታል! ምንም ነገር አይጥሉም! አንተ ብቻ ነህ የምትበሳው! ትምህርት ቤት ሸናች አሉኝ!»

እጁን ማሸት አቆመ። እናቴ የታጠበ ልብስ ይዛ ከኋላው ብቅ አለች።

«በርሜሉ» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ። «ከላይ ምንድን ነው የሚያፈሱበት?»

«ጥቁር ነገር።»

«ሽታው... ምን ምን ይላል?»

አሰብኩ። በደንብ ለመመለስ ነው ያሰብኩት። «ሳፋችንን» አልኩት። «ሳፋችንን ነው የሚሸተው።»

ከአሸዋው ጋር የተቀላቀለው አረፋ በአባቴ ክንድ ላይ እየወረደ ክርኑ ጋ ተንጠለጠለ።

«እሱ አያደርገውም» አለች እናቴ። «ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?»

«ልጅ ስለሆነች ነው የማምናት።»

ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር፤ እኔም ከስሩ ነበርኩ። መጀመሪያ አባቴ ነው የጮኸው፤ ሲጮህ ሰምቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው ቤት የገባ መሰለኝ። «ሰው ሁሉ ፊት! እዚሁ ግቢዬ ውስጥ ቆሞ! እኔ ነኝ የገደልኳት አስባለኝ!» ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦ «በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው... ይታሰራል... እማማስ? እማማን የት ልጣላት? አንተ ቤት እንዳላመጣት አልጋ የለህ፤ መድኃኒቷ ከማን ይምጣ?» ከዚያ ለቅሶ። ከዚያ የአባቴ ቃል፣ አሁን ዝቅ ብሎ፦ «ስንት ሹፌር እየበላ ነው እኮ። ስንት ቤት።» እናቴ፦ «እማማ እስካለች። እግርህን ልሳም። እማማ እስካለች ብቻ።»

እኔ የተረዳሁት ይሄን ነው። አጎቴ አባቴን ሊያሳስረው ነው፤ ጋሎን ስለሚበሳ። ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ አሳስረዋለሁ ብሎኝ የለ? እናቴም አትበሳ ብላ እየለመነችው ነው። ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ትንሽ ደስ አለኝ። በቃ፣ ከዛሬ ወዲያ አይበሳም አልኩ።

አባቴ ወጣ። ቀዩን ጋሎን አነሳ። በአውራ ጣቱ የወረቀቱን ጠርዝ ፈተገው፤ ወረቀቱ እንደ እርጥብ ቆዳ ተላቀቀ። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለውን ሚስማር አወረደ።

«እሱ የእኔ ነው!» አልኩ። «የእኔ ነው! አጎቴ ነው የሰጠኝ!»

ጧ!

«አባባ!»

ጧ! ጧ! ጧ! እንደ ሌላው ጊዜ ቦታ አልመረጠም፤ ደጋግሞ፣ በየትም በየትም ወጋው። ቀዩ ወረቀት ሚስማሩ ላይ ተሰካክቶ ቀረ።

«ቆንቋና!» ብዬ ጮህኩበት። «ቆንቋና! ቆንቋና!»

አባትን መሳደብ እኛ ቤት የሚታለፍ ነገር አልነበረም። እናቴ እንድትመታኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን ከበሩ አልተነሳችም። አባቴ ወደ እኔ ዞረና «እሺ» አለ። ሌላ ምንም። እሺ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ጋ አንድ ጋሎን አገኘሁ፤ ታቹን በቀጭን ሚስማር እየደረደረ፣ እንደ ወንፊት አድርጎ በስቶታል። «ውሃው እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው» አለኝ። «ችግኝ እንዲህ ነው የሚወደው። ማንም የለውም እንዲህ ያለ።» ልክ ነው፣ ማንም አልነበረውም። ቧንቧው ጋ ሞልቼ ሜዳውን ሳቋርጥ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ችግኟ ጋ ስደርስ ባዶ ነበር። አባቴ ሜዳውን አላየውም፤ ርቀቱን ከየት ይወቀው? ሁለተኛ ችግኝ ማጠጣት አልሄድኩም፤ እሱንም ለብዙ ጊዜ አኮረፍኩት።

እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ አድጌ የራሴን መኪና በገዛሁ ጊዜ። «ዘይት ከአጎቴ እወስዳለሁ፣ በዘመድ ዋጋ ይሰጠኛል» ስላት እጄን ያዘችኝ። እስኪያመኝ ነው የያዘችኝ። «ከእሱ አይሆንም» አለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችኝ፤ አጎቴ የተጣለ ዘይት አጥልሎ፣ በታጠበ ጋሎን አሽጎ፣ አዲስ ነው ብሎ እንደሚሸጥ። አያቴ ያኔ ከሞተች ቆይታለች። «ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ?» ብዬ ጮህኩባት። «አባትሽ ቃሉን ሰጥቶ ነበር» አለች። «እማማ ስትሞት በል አሁን ተናገር አልኩት። አሁን ብናገር ማን ይሰማኛል፣ ስሜ ሚስማር ነው አለኝ።»

ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ። ስሙን ቀድመው ቀሙት፤ ስም የሌለው ሰው ምስክር አይሆንም። አጎቴ በዚያ በርሜል ፎቅ ሠራ። በዚያ በርሜል የልጆቹን ሠርግ ደገሰ። ሞተራቸው የተጣበቀባቸው ሹፌሮች እያንዳንዳቸው «ዘይት ሳትቀይር» እየተባሉ፣ ከሚስቶቻቸው እየተጣሉ፣ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ደፍድፈው ኖሩ። አባቴ ያለው መሣሪያ አንድ ሚስማር ነበር። በዚያች ሚስማር፣ ጋሎን በጋሎን፣ የቻለውን ያህል ከዚያ ጓሮ አስቀረ። አጎቴ ደግሞ ይህንኑ ቀልድ አደረገው፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከሞተ በኋላ፣ በእኛ ሻይ።

«ነፍሱን ይማረው» አለ አጎቴ፣ ሳቁ ሲበርድለት። እጁን ወደ ትሪዬ ዘረጋ።

«ጨርሰው እንጂ» አለች እናቴ።

ድምፅ ከወጣት ሁለት ቀኗ ነው። ሰዉ ዞረ።

«ምኑን እትዬ?»

«ቀልዱን። ግማሹን ነው እኮ የነገርካቸው። ለምን እንደሚበሳ ንገራቸውና ይሳቁ።»

አጎቴ መሀረቡን አጠፈ። «እትዬ፣ ሐዘን ላይ ነሽ። ዛሬ ቀኑ አይደለም።»

«ቀኑማ አለፈ። ቀኑ ያኔ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳለፍኩት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪያቸው። የሱቁ ጓሮ ምን ይሸት ነበር?»

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ሳፋችንን» አልኩ።

አንድም ሰው አልገባውም፤ እንዴት ይግባቸው? ስለዚህ ነገርኳቸው። በርሜሉን፣ ጨርቁን፣ አጣናው ላይ የተሰኩትን ጋሎኖች፣ የጋለውን ብረት፣ እጄ ላይ የቀረውን እርጥብ ማጣበቂያ። እየነገርኩ ሹፌሮቹን ነው የማያቸው። ቅድም «ሚስማሬ» ያለው ሽማግሌ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ቀረ። «የእኔም ከዚያ ሱቅ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ሚስቴ እስክትሞት ሰነፍ ነህ እያለችኝ... የእኔም ከዚያ ነበር።»

አጎቴ ተነሳ። ይቅርታ አላለም፤ አልጠበቅኩምም። «የልጅ ወሬ ነው» አለ። «የስምንት ዓመት ልጅ ያየችውን ይዛችሁ...» ጫማውን ሲያደርግ ማሰሪያው አልገባ አለው፤ ሳያስር ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ፤ እናቴም ከኋላዬ። የአባቴ የመጨረሻ መኪና ሳንቃዎቹ ላይ እንደወጣች ቆማለች። ሊታመም ሲል ነበር ዘይት የቀየረላት፤ ከስሯ ሲወጣ ደረቴን አለና ገብቶ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ባዶው ጋሎን ጎማው አጠገብ እንደነበረ አለ፤ ያብለጨልጫል፣ ክዳኑ ይገጥማል፣ አንድም ቀዳዳ የለውም። ሚስማሩ ከነእጀታው ሳንቃው ላይ ነው።

ሚስማሩን አነሳሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጋሎኑን በጉልበቶቿ መሃል፣ ልክ እሱ እንደሚይዘው፣ ግጥም አድርጋ ያዘችልኝ።

«ታቹን መጀመሪያ» አለች።

አጎቴ በሩ ጋ ደርሶ ነበር፤ እጁ መቀርቀሪያው ላይ።

ጧ!